ቡሬ ላይ ኮከብ ቁጠሪልን ተባልኩ

ቡሬን የምታውቋት በበርበሬዋ ብቻ ከሆነ አልፈርድባችሁም፤ እኔም እስከዚያ ጥር ድረስ ከዚህ ያለፈ እውቀት አልነበረኝም። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ኮተቤ ነው። ሥራዬ ኮከብ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሰማይ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ ነው የማየው። ባሕር ማዶ ተራራ ላይ የቆሙ ትልልቅ ቴሌስኮፖች የሚያነሱትን ምስል ይልኩልናል፣ እኛም ኢንተርኔቱ ሲፈቅድልን እናወርዳለን። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከፀሐይ ብዙ እጥፍ የሚከብዱት ግዙፍ ኮከቦች ብቻቸውን ናቸው ወይስ አጠገባቸው ጓደኛ አለ? እናቴ ግን ሰው ሲጠይቃት እስከ ዛሬ "የኮምፒውተር ነገር ነው የምትሠራው" ብላ ነው የምትገላገለው።

የጠራኝ ይርጋ ነው። ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረናል፤ አሁን ፍኖተ ሰላም የፊዚክስ መምህር ነው። "ነይና ለተማሪዎቼ ስለ ሥራሽ ንገሪልኝ፣ ከዚያ ቅዳሜና እሑድን ቡሬ አጠገብ እናቴ ቤት እወስድሻለሁ፣ እምቢ ካልሽ ግን ተቀያየምን" አለኝ። መንገዱ እንደልብ በሚያስኬድበት ጊዜ ነበር። ቦርሳዬን አነሣሁ።

ሐሙስ

አውቶቡሱ ሳይነጋ ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ደምበጫ የምትወርድ ሳቂታ ሴት ነበረች፤ ጆንያዋን እኩሉን እግሯ ሥር፣ እኩሉን እግሬ ላይ አድርጋ ገና ከከተማ ሳንወጣ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። ዓባይ በረሃን ቁልቁል ስንወርድ የፍሬኑ ሽታ ሲመጣ ሰው ሁሉ ማማተብ ጀመረ። እኔም አማተብኩ። እኛ አገር ቀለበት መንገድ ላይ ከዚህ የባሰ አነዳድ እያየን ስልካችንን እየነካካን ነው የምንሄደው፤ እዚህ ግን ገደሉ ፊት ለፊት ስለሆነ ሰው ነገሩን አምኖ ይፈራል።

ደብረ ማርቆስ ምሳ በልተን ብዙም ሳንርቅ ጎማው ፈነዳ። ሁላችንም ወረድን። አዲስ አበባ ቢሆን "ብራችንን መልስ" የሚለው ጩኸት ረዳቱን ያደነቁረው ነበር። እዚህ ከመንገዱ ዳር ካለው ቤት አንድ ሽማግሌ ወጡና "ኧረ ፀሐይ ላይ አትቁሙ፣ ግቡ!" አሉ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ነው እኮ! አግዳሚ ወጣ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ለማላውቃቸው ሰውዬ ሦስቴ ተነሥቼ "በቃኝ" ብልም አልሰሙኝም። ጎማው ተቀይሮ ስንጠራ ተሳፋሪው ቅር እያለው ነው የተነሣው።

እዚያ አግዳሚ ላይ ነው የወንበር ጎረቤቴ ሥራዬን የጠየቀችኝ። "ኮከብ ነው የማጠናው" አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። "በስመ አብ! ኮከብ ቆጣሪ ነሽ?" ብላ ጆንያዋን ወደ ራሷ ሳበች። እኔ አይደለሁም እያልኩ ስምል፣ ስለ ቴሌስኮፕ ሳብራራ፣ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ከገባን በኋላ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ "የልጄን ስም ከነስሜ ልንገርሽ? ለሳዑዲ ፕሮሰስ ጀምራለች፣ ይቀናታል?" አለችኝ። ወይ ጉድ! ለማታውቁት፦ የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ይደመርና ኮከቡ ይወጣል፤ ሊጋቡ የሚያስቡ ደግሞ ኮከባቸው ይግጠም አይግጠም ይታይላቸዋል። ቄሶቹ አጥብቀው ይቃወሙታል። ሰዉም ይቃወመዋል፤ ልጁን ሲድር ግን በጓሮ በኩል ያስጠይቃል። "አላውቅም፣ እውነቴን ነው" አልኳት። እንደማታምነኝ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። ደምበጫ ስትወርድ ግን ቂም አልያዘችም፣ የቀረውን ዳቦ ትታልኝ ሄደች።

ፍኖተ ሰላም ማታ ይርጋ ተቀበለኝና ከጓደኛው እናት ፔንሲዮን አሳረፈኝ። ሻወሩ ውኃ አልነበረውም። ሴትየዋ ሳልጠይቃቸው ሙቅ ውኃ በባልዲ ይዘውልኝ መጡና በሩ ላይ ቆመው "ጀርባሽን ላሽልሽ?" አሉኝ። ኮተቤ ከጎረቤቶቼ በስም የማውቀው አንዷን ብቻ ነው።

ዓርብ

ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ላፕቶፔን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝቼ የመጀመሪያውን ምስል እንዳወጣሁ መብራት ጠፋ። ይርጋ ራሱን ያዘ። እኔ ግን ያለ ምስልም ይቻላል ብዬ ጀመርኩ። "ማታ መንገድ ዳር ቆማችሁ አይሱዙ ረጅም መብራት አብርቶ ሲመጣባችሁ፣ ከመኪናው ጎን ባትሪ ይዞ የሚሄድ ሰው ቢኖር ታዩታላችሁ?" አልኳቸው። "አናይም!" አሉ ባንድ ድምፅ። ግዙፍ ኮከብም እንደዚያ ነው፤ ብርሃኑ አጠገቡ ያለውን ይውጠዋል። በዚያ ላይ አየሩ ይወዛወዝና ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ ቴሌስኮፑ አየሩ በተወዛወዘ ቁጥር እየተጣመመ የሚያቃና መስታወት አለው። ምስሉ ሲጠራ፣ ብቻውን የመሰለን ትልቅ ኮከብ አብዛኛውን ጊዜ ጓደኛ ይዞ እናገኘዋለን።

ልጆቹ ወደዱት፣ እኔም ደስታው ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። አንዱ "ሁለቱ በጣም ከተቀራረቡስ?" ሲል ጠየቀ። እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ከተቀራረቡማ አንዱ አንዱን ይበላዋል። ላዩን ገፎ፣ ወደ ራሱ ስቦ፣ የተረፈው ብቻውን ይቀራል" አልኩ። አዳራሹ "እህህ" አለ። ከኋላ አንዲት ነጭ ጋወን የደረበች ወጣት ሴት ከሁሉ በላይ ስትስቅ አየኋት። የይርጋ እህት ሙሉነሽ ነበረች፤ ነርስ ናት፣ ከሥራ አምልጣ ነው የመጣችው።

ምሳ ይርጋ ቤት ሽሮና የሱፍ ፍትፍት በላን። ሙሉነሽ እዚያው ቁጭ ብላ ለእናቷ ደወለችና የሰማችውን እየሳቀች ነገረቻቸው። እኔም በኩራት ፈገግ አልኩ። ከስልኩ ወዲያ ሳቅ አልተሰማም፤ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም።

ቅዳሜ

ከይርጋና ከሙሉነሽ ጋር ቡሬ ስንደርስ ገበያው ደምቆ ነበር። ከሚኒባስ ሳልወርድ ጀምሮ የበርበሬው ሽታ ያስነጥሰኝ ጀመር፤ ማቆም አቃተኝ። የቡሬ ሰው አያስነጥሰውም፤ እኔን እያየ ይስቃል እንጂ። አንዲት በርበሬ ሻጭ "የሸገር ልጅ፣ አፍንጫሽን በነጠላሽ ሸፍኚ!" ብላ ጮኸችልኝ። መርካቶ በርበሬ ስገዛ የቡሬ ነው እያሉ ስንት ጊዜ እንደሸወዱኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ ቀለሙም ሌላ ነው፣ ሽታውም ሌላ ነው።

ቻርጀሬን ፍኖተ ሰላም ረስቼው መምጣቴ ትዝ ያለኝ እዚያው ገበያ መሐል ነው። ይርጋ ወደ ፔንሲዮኑ ደወለ። ገበያውን ዞረን፣ ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ አንድ የሚኒባስ ረዳት ስሜን እየጠራ መጣ፤ ሴትየዋ ቻርጀሩን በፌስታል አድርገው፣ አንድ እፍኝ ቆሎ ጨምረው ልከውታል። ለረዳቱ ሃያ ብር ብሰጠው ተቆጣኝ።

ሙሉነሽ ለእናቷ ቡናና ስኳር ልትገዛ ስትሄድ ነው ይርጋ እውነቱን ያወጣው። መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ሙሉነሽን የሚፈልጋት አስማረ የሚባል ልጅ አለ፣ ቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ነው" አለኝ። "ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ልኳል። እናቴ ሁለት ጊዜ 'ቆዩኝ' ብላ መለሰች።"

"ለምን?"

"ኮከብ አስቆጥራለች። አይገጥምም ተባለች። ለንስሐ አባቷ እንኳ አልተናገረችም። ልጁ ደግሞ ወደ ሩቅ ወረዳ ተዛውሯል፤ ይህ ጥር ካለፈ ነገሩ እዚያው ይቀራል።"

"እሺ፣ እኔ ምን ላድርግ?"

"አንቺ የኮከብ ዶክተር ነሽ። አንድ ቃል ብቻ በያት። ይገጥማል በያት።"

ደሜ ፈላ። ለትምህርት ቤቱ ብዬ፣ ለሳይንስ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ሰውዬው ግን ለካ ኮከብ ቆጣሪ አድርጎ ነው የቀጠረኝ! "አንተ ፊዚክስ አስተማሪ ነህ፣ አታፍርም?" አልኩት። "አፍራለሁ" አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "ግን እህቴ ናት።" ከዚያ በኋላ ልቆጣው ብፈልግም ቁጣው አልመጣልኝም።

ሙሉነሽ ተመልሳ ፊታችንን ስታይ ገባት። "ነገረሽ?" አለችኝ ወደ ወንድሟ በአገጯ እያመለከተች። "ስሚኝ እህቴ፤ በውሸት የሚገባ ትዳር አልፈልግም። ኮብልዬም አልገባም፤ እናቴ እኔን ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ፣ አስለቅሻት አልሄድም። ያላወቅሽውን አትበይልኝ።" ይህን ብላ ፌስታሉን አንሥታ ባጃጁን ጠራች።

ከባጃጁ ወርደን እርሻ ለእርሻ ጥቂት ከተጓዝን በኋላ ቤቱ ደረስን። እናታቸው እማማ የሺ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ አንገቴን አቅፈው ስንት ጊዜ እንደሳሙኝ አላውቅም። ከዚያ እግርሽን ላጥብ አሉ። ኧረ አይሆንም ብል፣ ብለምን፣ ወይ ፍንክች! ሳፋው ቀረበ። አዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ በር ላይ "ጫማ አታውልቁ" ማለት ትልቅ አክብሮት ነው። ሴትየዋ በእናቴ ዕድሜ ሆነው ጣቶቼን አንድ በአንድ ሲያጥቡልኝ አፈርኩ፤ ምን ፈልገው እንደሆነ ስለማውቅ ደግሞ የባሰ አፈርኩ። ዶሮ ታረደልኝ፣ የራሳቸው አልጋ ተነጠፈልኝ። በዚያ አልጋ ላይ እንቅልፍ ሳይወስደኝ "ይገጥማል" ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አሰብኩ። አንዲት ቃል ናት። ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል፣ እኔም ሰኞ እሄዳለሁ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰን ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። በሩ ላይ ሦስት ሴቶችና አንድ ጎልማሳ ቆመው ጠበቁኝ። ጎልማሳው የጠፋች ላሙን ነው የሚፈልገው። "በቴሌስኮፑ ከላይ ሆነሽ አትታይሽም?" አለኝ። ቴሌስኮፑ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያይም ብዬ ስነግረው አዘነ። ሴቶቹን ሙሉነሽ "እሷ እንደሱ አይነት አይደለችም፣ ደክሟታል" ብላ መለሰችልኝ። እማማ የሺ ግን ቀኑን ሙሉ ምንም አልጠየቁኝም። ብቻ እርጎ አመጡልኝ፣ ደግሞ ማር አመጡልኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሸራ ላይ የተሰጣውን በርበሬ ጤዛ እንዳያገኘው ሊሰበስቡ ወጡ። ላግዛቸው ተከትዬ ወጣሁ። ይርጋና ሙሉነሽ ውኃ ሊቀዱ ወርደዋል። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ጎንበስ ብለው እየሰበሰቡ፣ ሳያዩኝ፣

"ልጄ፣ ነግሮሻል አይደል?" አሉ።

"ነግሮኛል እማማ።"

"እና?"

እንደምንም ደፈርኩ። "እማማ፣ የሙሉነሽና የአስማረ ኮከብ ይገጥማል አይገጥምም የሚያሳይ መሣሪያ የለኝም። ማንም የለውም። ይገጥማል ብልዎት እዋሻለሁ።"

ቀና አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ሸራው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

"ሙሉዬ ዓርብ ለት በስልክ ነገረችኝ። ትልቁ ኮከብ ጓደኛውን ይበላል፣ የተረፈው ብቻውን ይቀራል አለች እንግዳችን ብላ ትስቃለች። እኔ አልሳቅሁም።" በርበሬውን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉ። "እኔንና አባታቸውንም አይገጥምም ብለውን ነበር። እሳትና ውኃ ናችሁ፣ አንዳችሁ አንዳችሁን ታጠፋላችሁ አሉን። እምቢ አልሁ። ወድጄው ነበር፣ ገባሁ። ይርጋ ዳዴ ሲል፣ ሙሉዬ በሆዴ እያለች ቆላ ለሥራ ወረደ፣ ታሞ መጣ፣ ሳይሰነብት ሞተ። እኔ ነኝ የተረፍሁት።"

አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ለማስደነቅ ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የተናገርኩት ነገር እዚህ ግቢ ድረስ መጥቶ እኚህን ሴት ወግቷቸዋል። ለካ የልጃቸው ጉዳይ ብቻ አይደለም የያዛቸው። ያን ሁሉ ዘመን ባሌን ገደልኩት ብለው ነው የኖሩት።

"ምን ነበር ያመማቸው?"

"ወባ ነው አሉ።"

"ታዲያ ወባ ነዋ የገደላቸው።"

"ወባ እንደሆነማ አውቃለሁ" አሉ፣ እንደ መሰልቸት ብለው። "አብረውት የወረዱት ሁሉ ታመዋል፤ ሁሉም ድነዋል። እሱ ብቻውን ለምን ሞተ?"

ቤት ገብቼ ላፕቶፔን አመጣሁ፤ ትንሽ ቻርጅ ነበረው። አንድ ምስል ከፈትኩላቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መሐል ላይ ብርሃኑ ሌላውን እንዳይውጥ በጥቁር ክብ የተሸፈነ ትልቅ ኮከብ፣ ከጎኑ ሁለት ደካማ ነጥቦች።

"እማማ፣ ይቺ ትታይዎታለች? ይቺስ?"

ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው "አዎ፣ ልጆቹ ናቸው?" አሉ።

"እኛም መጀመሪያ ሁለቱም የሱ ናቸው ብለን ነበር። አንድ ጊዜ አይተን ግን አንናገርም። ዓመታት ቆይተን እንደገና እናነሣዋለን። ኮከብ ቀስ ብሎ ይጓዛል፤ የሱ የሆነችው አብራው ትሄዳለች። ይቺኛዋ አብራው ሄደች። ያቺ ግን እዚያው ቀረች። ምኑም አይደለችም። ከኋላው እጅግ ርቃ ያለች፣ የማታውቀው ኮከብ ናት። ከዚህ ሆነን ስናይ ብቻ ነው አጠገቡ የመሰለችን።"

ቀረብ ብለው ምስሉን አዩ። ልቤ ያለውን አወጣሁት።

"ያ ኮከብ ቆጣሪ የተናገረው ቃልና የባለቤትዎ ሞት ጎን ለጎን ነው የሚታይዎት፤ አይፈረድብዎትም፣ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ መጣ። ግን አይተዋወቁም። ለምን እሳቸው ብቻ እንደሞቱ አላውቅም፣ ምናልባት ሐኪም ያውቅ ነበር። ኮከብ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ይህ ሥራዬ ነው፣ በዚህ አልዋሽም። እዚያ ላይ ሆኖ አንዱ ኮከብ ሌላውን ቢበላ እዚህ ታች አንዲት ቅጠል አይነቃነቅም። እርስዎ አልገደሏቸውም።"

"እንደገና በይው" አሉ።

"አልገደሏቸውም እማማ።"

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። እኔም አለቀስኩ፤ በርበሬው ነው ብዬ ላመካኝ ስል ደግሞ እጄ በእርግጥም በርበሬ ነበረበትና ዓይኔን ነክቼው ጉድ ሆንኩ። እማማ የሺ ለቅሷቸውን ትተው "ኧረ እጅሽን! ኧረ ውኃ!" እያሉ ፊቴን ሲያጥቡልኝ ልጆቹ ደረሱ። ማንም ምን ሆናችሁ አላለንም። እራት በላን። ስለ ሠርጉ አንድም ቃል አልተነሣም፤ ይርጋ ሁለት ሦስቴ አየኝ፣ እኔም እንጀራዬን ቆረስኩ።

ሰኞ

በማለዳ ተነሥተን ወደ መንገዱ ስንሄድ እማማ የሺ ልሸኝሽ ብለው ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። ለእናቴ አንድ ፌስታል በርበሬ ይዘዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ተሳልመን እናልፋለን ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቅጥሩን ዞረው በጓሮ በኩል ገቡ። ይርጋ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ምነው?" አልኩት በሹክሹክታ።

"አባቴ የተቀበረው እዚያ ነው። ከቀብሩ ቀን ወዲህ ሄዳ አታውቅም። ተዝካሩን ስታወጣ እንኳ ወደ መቃብሩ አልዞረችም። ፊቱ የምቆምበት ዓይን የለኝም ትል ነበር፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ሳናውቅ ነው ያደግነው።"

ሙሉነሽ እናቷን ተከትላ ሄደች፤ እኛም ራቅ ብለን ቆምን። መቃብሩ ድንጋይ ብቻ ነው፣ ሣር ውጦታል። እማማ የሺ ተንበርክከው ሣሩን በእጃቸው ነቀል ነቀል አደረጉ። ከዚያ የሙሉነሽን እጅ ይዘው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት።

"ይቺ ናት" አሉ። "ሳታያት የሄድኸው። በዚህ ጥር ልድራት ነው።"